ከድሬ እስከ ዋሽንግተን፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አክስቴ ቤት ስብሰባ ነበር። ቨርጂኒያ ያለችው ልጇ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። እትዬ ሄዳ ልታርሳት ነው። (እትዬ እያልኩ "ሄዳ" ማለቴ እንዳይገርማችሁ። የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም ይባል የለ?) ቪዛው ተመቷል። የቀረው ትኬቱ ነው።

ምሳ ተበላ፣ በርጫው ተዘረጋ፣ ስልኮች ወጡ። አንዱ በፍራንክፈርት ይሻላል አለ። አንዷ በዱባይ ርካሽ አገኘሁ አለች። ሌላው ካርታ ከፍቶ ኪሎ ሜትሩ የሚያንሰው የቱ እንደሆነ ይለካል። እኔ ይህን መንገድ ከአንድ ጊዜ በላይ ሄጄበታለሁ። አንዴም ተቃጥዬበታለሁ። ኪሎ ሜትር መለካቱ ደግ ነው። መንገደኛን አልጋ ላይ የሚጥለው ግን አውሮፕላን መቀያየሩና ጥበቃው ነው። ለእትዬ ያልኳትን እዚህም ልጻፈው፤ ዘመድ ለመጠየቅ ለምትነሱም ይሆናል።

መጀመሪያ ርቀቱ

ከድሬዳዋ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ድረስ፣ ያለማረፍ የሚበር ነገር ቢኖር፣ 11,750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ የሚበር አውሮፕላን የለም። መጀመሪያ ቦሌ መድረስ አለባችሁ። ከድሬ ቦሌ በአየር 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ ደለስ 11,560 ገደማ። ሲደመር ወደ 11,900 ይጠጋል። ቦሌን መርገጣችን የጨመረብን 150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሆነች አዲስ አበባ ያው በመንገዳችን ላይ ናት።

የአጎቴ ልጅ ካርታው ላይ ጣቱን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ምዕራብ እየጎተተ፣ "በቻድ አድርጎ፣ በናይጄሪያ አድርጎ፣ አትላንቲክን ይሻገራል" ይላል። ጠፍጣፋ ካርታ ያሳስታል። ምድር ክብ ናት። ኳስ ላይ ክር ወጥራችሁ ብትለኩ አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጎበጥ ብሎ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ይወጣል። የመንገዱ እኩሌታ የሚውለው ፖርቱጋል ላይ ነው፤ ከሊዝበን ብዙም አይርቅም። ይህን ካወቃችሁ የትኛው መቀየሪያ ከተማ ከመንገድ እንደሚያወጣና የትኛው እንደማያወጣ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

እኔ ከቦሌ ጀምሬ ደምሬዋለሁ። በደብሊን በኩል 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍራንክፈርት 11,900። በኢስታንቡል 12,110። በሎሜ 12,750። በዶሃ 13,390። በዱባይ 13,870። አውሮፓ መንገድ ላይ ናት። ባሕረ ሰላጤው ግን ጀርባችን ነው። ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ እንደገና ወደ ምዕራብ ትመለሳላችሁ። በዱባይ መሄድ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ድሬ–ቦሌን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ከመብረር ይበልጣል።

ኪሎ ሜትሩ ወደ ሰዓት ሲቀየር

አንድ ትልቅ ጄት ከፍታው ላይ ሲደርስ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ታዲያ 343 ኪሎ ሜትር ለምን በ25 ደቂቃ አያልቅም? ትኬቱ ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ምክንያቱም የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት አንስቶ ሌላው ጋ እስኪቆም ድረስ ነው። መንደርደሪያው ድረስ መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ቦሌ ላይ ዞር ዞር ማለት ሁሉ አለበት። በአጭር በረራ ይህ ግማሹን ሰዓት ይበላል። በረጅሙ ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ ማረፊያ በበዛ ቁጥር ሰዓቱ ከኪሎ ሜትሩ በላይ ይጨምራል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ መሐል ላይ ነዳጅ ይቀዳል። ለዓመታት ደብሊን ያርፍ ነበር። ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት በረራዎች በሎሜ የሚያልፉም አሉ። ትኬት ስትቆርጡ የዚያ ቀኑ በረራ የት እንደሚያርፍ ጠይቁ። ከላይ እንዳያችሁት በደብሊንና በሎሜ መካከል የ900 ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ፤ ይህም አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ለምን ይቀዳል? እትዬም ይህንኑ ጠይቃኛለች። "ከቤቱ ሞልቶ አይወጣም እንዴ?" ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም የሚይዘው አየር ይቀንሳል። ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ንፋሱ ከፊት ይመጣል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ ግን 95 ሜትር ላይ ነው። ሲመለስ ሞልቶ ይነሣል፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ ያለማረፍ ቦሌ ይገባል።

ሲሄድ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ገደማ ያዙ፣ ማረፊያውን ጨምሮ። ሲመለስ 13 ሰዓት ገደማ። ነዳጅ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም። ወንበራችሁ ላይ እንዳላችሁ ነው። ለእንደ እትዬ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በፍራንክፈርት ከሆነ ሰማይ ላይ የምትቆዩት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ 7 ሰዓት ተኩልና 9 ሰዓት ገደማ። በኢስታንቡልም 5 ሰዓት ተኩልና 11 ሰዓት ያህል ነው። ግን ወርዳችሁ፣ ተፈትሻችሁ፣ በር ፈልጋችሁ ነው የምትቀጥሉት። የሚጠበቀው ሰዓት በዚህ ላይ ይታከላል። ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል፣ አሥራ ሁለትም። በዱባይ ወይም በዶሃ የመጀመሪያው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ ተቀምጠው የማይነሡበት 14 ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የሐረሩን ደጃፍ ቆጥረን እንደምረው። ከጀጎል እስከ ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ 54 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአወዳይ፣ በሐረማያ፣ በደንገጎ ቁልቁለት አንድ ሰዓት ተኩል በሉት፤ አወዳይ ላይ ገበያው ከደራ ይጨምራል። በረራው ከመነሣቱ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። አንድ ሰዓት በረራ። ቦሌ አራት ሰዓት ጥበቃ። 16 ሰዓት ተኩል በረራ። 25 ሰዓት ሆነ። በባሕረ ሰላጤው በኩል ያለው፣ እዚያ ሦስት ሰዓት ብቻ ብትጠብቁ እንኳ፣ 30 ይጠጋል።

ጅግጅጋስ? የሚል የሐረር ሰው አይጠፋም። ጅግጅጋ በባቢሌ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ቦሌ ያለው በረራም ከድሬው 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የድሬው በረራ ሞልቶ ሲቸግር ብቻ አስቡት።

ድሬ–አዲስ አበባ፦ በአየር፣ በአውቶቡስ ወይስ በባቡር?

ሰው ስለ አትላንቲክ ሲጨነቅ ይህችን የመጀመሪያ እግር ይንቃታል። ጉዞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ያኔ የቆረጥኩት ከቦሌ ብቻ ነው። "እስከ አዲስ በአውቶቡስ ና፣ ይረክሳል" ብሎ የመከረኝ ሰው ነበር። ገንዘቡ አማረኝ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ቢሄዱ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ይፈጃል፣ ደህና ቀን ከሆነ። የእኔ ቀን ደህና አልነበረም። ሂርና ሳንደርስ ተሳቢ መኪና መንገዱን በጎን ተኝቶ ዘጋው። አራት ሰዓት ቆምን። ሙዝ በላን፣ ተጫወትን፣ አንድ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉልን። አዲስ አበባ ስንገባ በረራዬ ከሄደ ቆይቷል። አውቶቡሱና አውሮፕላኑ አይተዋወቁም። የቀረሁት ራሴ ነኝ፣ የከፈልኩትም ራሴ ነኝ።

ስለዚህ በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ሂዱና አዲስ አበባ እደሩ። ዘመድ ካላችሁ ዋጋው በእርግጥ ይረክሳል። ሆቴል የምትከፍሉ ከሆነ ግን ሒሳቡን ድጋሚ ሥሩት። የሆቴሉን፣ የታክሲውንና የሁለት ቀን ምግቡን ስትደምሩ ከአውሮፕላኑ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል።

በዓልም ተመልከቱ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። በዚያ ሰሞን አውቶቡሱም አውሮፕላኑም ወደዚህ ሞልቶ ይመጣል፣ በማግስቱ ሞልቶ ይመለሳል። ሐምሌ 20 ወደ አዲስ አበባ ልሂድ የሚል ቀደም ብሎ ይቁረጥ።

ባቡሩን ለድሬ ልጅ መተው ይከብዳል። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መንገደኛ መጫን ጀመረ። ወንበሩ ከአውቶቡስ ይሰፋል፣ ገደል አያስፈራም። ግን እንደ አውሮፕላኑ ቀን በቀን ደጋግሞ አይመላለስም። ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፤ የድሬውም፣ የአዲስ አበባው ፉሪ ለቡም። ለጉብኝት ቢሆን እኔም እመርጠዋለሁ። በማግስቱ አሜሪካ ለሚበር ሰው ግን አይመቸኝም።

በአየር መሄድም ሁለት ዓይነት ነው። ድሬ–ቦሌ–ዋሽንግተንን በአንድ ትኬት መቁረጥ ይቻላል። ለየብቻ መቁረጥም ይቻላል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ሻንጣው ድሬ ላይ ተመዝኖ እስከ ዋሽንግተን ይታሰራል። የድሬው በረራ ቢዘገይና የሚቀጥለው ቢያመልጥ በሌላ በረራ የሚያስቀምጣችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከሆነ ሁለተኛው ትኬት ስለ መጀመሪያው አያውቅም። ቦሌ ላይ ሻንጣችሁን ከቀበቶው አንሥታችሁ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ተርሚናል ገፍታችሁ፣ እንደ አዲስ ትሰለፋላችሁ። ኪሎውም ሌላ ነው። ወደ አሜሪካ የሚፈቀደው በተለምዶ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ለብቻው የተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚፈቅደው። በርበሬና ሽሮ የጫነ ሰው ድሬ ላይ ሲከፍል ያየሁት ብዙ ነው።

ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ፣ ለምሳሌ በሌላ አየር መንገድ በርካሽ ካገኛችሁ፣ የድሬውን የጠዋት በረራ ያዙ። በመሐል ከስድስት ሰዓት ያላነሰ ይኑር። በክረምት ከዚያም ይብዛ። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ሦስት፣ አራት ሰዓት በቂ ነው።

ሰዓቱን የሳተ፣ ቀኑንም ይስታል

ይህች ክፍል ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ናት። ትኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጅ ቀን ነው። 22:30 ማለት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ትቀንሳላችሁ፣ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ትቀንሳላችሁ። ከሰባት ካነሰ ግን ስድስት ትጨምራላችሁ።

የከፋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣው ነው። "ጁላይ 15፣ 00:40" የሚል ትኬት ያየ ሰው ሐምሌ 8 ነው ብሎ በ8 ማታ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። በረራው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ሌሊት ሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያ ነው። ቦሌ መገኘት ያለበት ሐምሌ 7 ማታ ነው። ለእናታችሁ ትኬት ስትልኩ "ሐምሌ 7 ማታ ሦስት ሰዓት ቦሌ ሁኚ" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉላት። ወረቀቱን ብቻ አትላኩ።

ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በበጋቸው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሥታችሁ 16 ሰዓት ተኩል ብትበሩ፣ እዚያ የምትደርሱት በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ መነሻና መድረሻውን ብቻ አይቶ "ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው እኮ!" ያለ ዘመድ አለኝ። ስሙን አልናገርም።

ሌላም አለ። ደለስና ዳላስ። በአማርኛ ስናወራ ሁለቱንም "ዳላስ" እንላቸዋለን። ሁለቱም ጋ ሐበሻ ሞልቷል። አንዱ ዋሽንግተን አጠገብ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ሌላው ቴክሳስ። በመካከላቸው 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሻንጣችሁ ላይ የሚታሰረው ወረቀት "አይ ኤ ዲ" ይበል። "ዲ ኤፍ ደብሊው" ካለ ቴክሳስ ነው። ድሬ ላይ፣ ሻንጣው ገና ፊታችሁ እያለ አንብቡት።

ማን በየት ይሂድ?

እንግሊዝኛ የማይቀናው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው በኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ትኬት ይሂድ። መቶ ዶላር ቢወደድም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ እሱም ቦሌ፣ በአማርኛ ጠይቆ። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ አስይዙለት፤ ክፍያ የለውም። መራመድ ለሚችልም ቢሆን ወረፋና ረጅም ኮሪደር ያቀላል።

ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዴንቨር የሚቀጥል ሰው ፍራንክፈርትን ያስብበት። ከዚያ በቀጥታ የሚደርስበት ከተማ ካገኘ ዋሽንግተን ላይ ሻንጣ አውርዶ እንደገና ከማስገባት ይድናል። አሜሪካ መጀመሪያ የረገጣችሁበት ከተማ ላይ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ በጉምሩክ ታልፋላችሁ፣ መጨረሻችሁ ሌላ ከተማ ቢሆንም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን በአውሮፓ ሲያልፍ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ወገን ነው። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ነፃ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከመክፈላችሁ በፊት አየር መንገዱን አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ወጣት፣ ሻንጣው ቀላል፣ ኪሱም ቀላል የሆነ ተማሪ በዱባይ ወይም በዶሃ ርካሽ ካገኘ ይሂድ። አምስት ሰዓት ቢጨምርበት ፊልም ያይበታል። ኢስታንቡል መሐል ላይ ናት፤ የጥበቃው ሰዓት ካጠረ ጥሩ፣ ከረዘመ አይረባም።

ከዚያ ወደዚህ ለምትመጡ አንድ ነገር። የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ በሌላ አየር መንገድ ቦሌ ብትገቡ የድሬው ትኬት ለብቻው ይወደድባችኋል። ከዋሽንግተን እስከ ድሬ በአንድ ትኬት ከሆነ አይደለም። "ሁለት መቶ ዶላር አተረፍኩ" ከማለታችሁ በፊት ይህን ቀንሱ።

በየትም ሂዱ፣ ጫት አትያዙ። እዚህ ምሳ ላይ የሚቀርብ ነገር ሆኖብን ይረሳል እንጂ አሜሪካ ሕገ ወጥ ነው። ለልጅ ናፍቆት ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት እስር እናትን ከበር ልታስመልስ ትችላለች። ሥጋም አያስገቡም። የተቆላ የሐረር ቡና ግን የፈለጋችሁትን ያህል።

እትዬ መጨረሻ ላይ በአንድ ትኬት፣ ከድሬ ከሰዓት በሚነሣው፣ ቦሌ አራት ሰዓት ጥበቃ ያለውን መረጠች። የዱባዩን ያገኘችው የአጎቴ ልጅ ትንሽ አኮረፈች። እትዬ ግን ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበር። "ሲመለስ አያርፍም አልክ አይደል?" አለችኝ። አያርፍም አልኳት። ከዋሽንግተን ጠዋት አምስት ሰዓት ቢነሣ፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ቦሌ ነው፤ በረራ ከተገኘ ለምሳ ድሬ። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች የሕፃኑን ወራት መቁጠር ጀመረች።